የአንድ ቀን ውሎ፣ የዓመት ለቅሶ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ የዘመኑ ጸሐፊዎችና ገጣሚዎች ግን ብሂሉን ገልብጠነዋል። የማናውቀውን ሰፈር እንናፍቃለን፤ ላልኖርንበት ግቢ እናለቅሳለን፤ ስሙን ትናንት የሰማነውን መንደር «ልጅነቴ» እንለዋለን። ይህን ስል ጣቴን ወደ ሌላ ሰው ብቻ አልቀስርም፤ የመጀመሪያው ተከሳሽ እኔ ነኝ። እነሆ ክሴን አቀርባለሁ፤ ፍርዱ የአንባቢ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት፣ በአንድ እሑድ ዕለት፣ አራት ጓደኛሞች ሆነን የፒያሳን ጓዳ በእግራችን ልናይ ተቀጣጠርን። ሦስታችን የአንድ ባንክ ባልደረቦች ነን፤ አራተኛው የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነው። እኔ ትውልዴ ምሥራቅ ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ነው። አዲስ አበባ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝም ከተማዪቱን የማውቃት ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ ባለው የታክሲ መስኮት ነበር። ፒያሳም ለእኔ ኬክ ቤትና ወርቅ ቤት ነበረች። ከአስፋልቱ ጀርባ ሌላ ከተማ እንዳለ ጓደኛችን ሲነግረን «አንድ ቀን ታሳየናለህ» እያልን ዓመታት አለፉ።

ያን ዕለት ጧት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተገናኘን። ጓደኛችን አደባባዩን በእጁ እያመለከተ «ይህ ሁሉ አራዳ ነው፤ ፒያሳ የሚለውን ስም ያመጣው ጣሊያን ነው» አለን። እውነቱን ነው። ጠላት ከተማዪቱን በያዘባቸው ዓመታት ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ሲል በዚህ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደውና «የአገሬው ሰው ገበያ» ብሎ ሰየመው። ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው። እንግዲህ በዚህ ሥፍራ ሰው ከለመደው ቦታ ሲነሣ ያኛውም የመጨረሻው አልነበረም ማለት ነው።

ከዋናው መንገድ ታጥፈን ቁልቁል ወረድን። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ቤት ከቤት ተደጋግፎ ቆሟል። በአንዱ በር ቡና ይወቀጣል፤ በሌላው እንጀራ ይጋገራል፤ ጭሱ ከቆርቆሮው ሥር ታምቆ ዓይን ያቃጥላል። ለግቢው ሁሉ አንድ ቧንቧ፣ ለግቢው ሁሉ አንድ መጸዳጃ ቤት። እኛ ይህን ሁሉ ፎቶግራፍ አነሣነው። አንደኛው ባልንጀራዬ የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ አይቶ «እንዴት ያምራል!» ቢል፣ በረንዳቸው ላይ የተቀመጡ አሮጊት «ያምራል ልጄ፤ ክረምት ላይ መጥተህ እይልኝማ» አሉት። ሳቅን። ነገሩ የገባን ግን አይመስለኝም።

በመታጠፊያው ላይ አንዲት ትንሽ ሱቅ ነበረች። ውኃ ልንገዛ ቆመን ሳለ አንዲት ልጅ ዘይትና ሁለት ዳቦ ወሰደችና ሳትከፍል ሄደች። ባለሱቁ ጠርዙ የተበላ ደብተር ከባንኮኒው ሥር አውጥተው አንድ መስመር ጻፉ። እኔ በባንክ የብድር ክፍል ነው የምሠራው፤ ነገሩ በሙያዬ መጣብኝና «ጋሼ፣ ባይከፍሉስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «የት ይሄዳሉ?» አሉኝ።

የጓደኛችን እናት ቡና አፍልተው ጠበቁን፤ እስከ ሦስተኛው ድረስ ጠጣን፤ መርቀው ሸኙን። በአሥር ሰዓት ወደየቤታችን ተበተንን። ስለ ዶሮ ማነቂያ ያለኝ ዕውቀት ይኸው ነው፤ የአንድ ቀን፣ እሱም ያልሞላ።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። ሳምንታት ሳይቆይ የኮሪደር ልማት ተብሎ በተጀመረው ሥራ ዶሮ ማነቂያም ከፈረሱት ሰፈሮች አንዱ ሆነ። በዚያው ሰሞን ግጥም ጻፍሁ። እንዲህ ይጀምራል፦

አንቺ የድሮ ቤቴ፣ የጭቃ ግድግዳ፣
ስትወድቂ ሰማሁ፣ ልቤ ሆነ ባዳ።

ግጥሙ ተወደደ። በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ሳነበው እንባቸውን የጠረጉ ነበሩ፤ እኔም ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ስለ ጭሱ ናፍቆት የጻፍኋቸው ስንኞች ደግሞ ከሁሉ በላይ ጭብጨባ አስገኙልኝ። በማግሥቱ የዶሮ ማነቂያው ልጅ ደወለልኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«የድሮ ቤቴ ያልኸው መቼ የኖርህበትን ነው?» አለኝ። «አንተ የዋልኸው አንድ ቀን ነው፤ ለቅሶህ ግን ዓመት ሊሞላው ነው። ጭሱን ናፈቅሁ አልህ፤ የእናቴን ዓይን ያጠፋው እኮ ጭሱ ነው። ግድግዳው ሲፈርስ አላለቀሰችም። ያለቀሰችው የባለሱቁን ደብተር አስባ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የመጣ ነው።

ሰፈርን በተመለከተ በአገራችን ሁለት ወገኖች ሲጣሉ እሰማለሁ። አንደኛው «ቆሻሻ ነበር፤ ተነሣ፤ ተገላገልን» ይላል። ሁለተኛው «ታሪክ ጠፋ፤ ትዝታችን ተናደ» ይላል። ሁለቱ ጠላቶች ይመስላሉ። በእኔ አስተያየት ግን ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም የሚያዩት ግድግዳ ነውና። አንዱ ግድግዳውን ይጠየፈዋል፤ ሌላው ግድግዳውን ይስመዋል። በግድግዳው ውስጥ ማን ከማን ጋር በምን ተሳስሮ ይኖር እንደነበር የጠየቀ ከሁለቱም ወገን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ለጠያፊው። ሰፈሩ ያረጀው ነዋሪው ሰነፍ ስለ ነበር አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ፤ ኪራይም ተቀነሰ። ድሀው በከተማዪቱ መካከል ጎጆ ይዞ እንዲኖር ያስቻለው ይህ ነው፤ ውለታውን አልክድም። ከዚያ በኋላ ግን የቤቱ ባለቤት ማን ሆነ? ተከራዩ እንዳያድስ ቤቱ የእሱ አይደለም፤ ቀበሌ እንዳያድስ የሚሰበስበው ኪራይ ጣራ አይቀይርም። ሁለቱ እየተያዩ ጣራው ዐርባ ዓመት አፈሰሰ። እንግዲህ ባለቤት አሳጥተን ያስረጀነውን ቤት፣ አርጅቷል ብለን ነዋሪውን ብንሰድበው ፍርድ ይሆናልን?

ቀጥሎ ለአልቃሹ፤ ማለት ለራሴና ለመሰሎቼ። ሌሊት ተነሥቶ በዝናብ መጸዳጃ ቤት ወረፋ ያልያዘ ሰው ስለ ጭቃ ቤት ውበት ባይናገር ምናለበት? ሳፋና ድስት ደቅኖ የጣራ ፍሳሽ ሲቀበል ያላደረ ሰው ስለ ቆርቆሮ ሙዚቃ ባይገጥም ምናለበት? ድህነት ለሚጎበኘው እንጂ ለሚኖርበት ጌጥ አይደለም። እኛ ግን የሰውን ችግር ለግጥማችን ቤት መምቻ አደረግነው። ይባስ ብሎ፣ ሰፈሩ ቆሞ ሳለ በአጠገቡ አልፈን ኬክ ቤት ስንገባ የኖርን ሰዎች፣ በወደቀ ማግሥት የሐዘን ድንኳን ጣይ ሆንን።

ታዲያ የጠፋው ምንድን ነው? በማውቀው ሙያ ልናገር። በባንክ ቤት ብድር ለሚጠይቅ ሰው መያዣ አምጣ እንለዋለን። ቤት ካለው ግምት ይሠራለታል፤ ቦታው፣ የግድግዳው ዓይነት፣ የጣራው ክዳን፣ ለመንገድ ያለው ቅርበት ይጻፋል፤ መጨረሻ ላይ አንድ የብር መጠን ይወጣል። ያቺ ዘይትና ዳቦ ወስዳ የሄደችው ልጅ ወደ እኔ ብትመጣ አንዲት ሳንቲም አላበድራትም ነበር። ባለሱቁ ግን አበደሯት። መያዣቸው ምን ነበር? እናቷን ማወቃቸው፤ አያቷ ሲሞቱ በአንድ ዕድር ድንኳን ሥር አብረው መቀመጣቸው፤ የአባቷን የደመወዝ ቀን መቁጠራቸው። ያ ጠርዙ የተበላ ደብተር እኔ ከምሠራበት ሥርዓት ይልቅ ለድሀ የቀረበ ባንክ ነበር። በየትኛውም የካሳ ግምት ወረቀት ላይ ግን አልተጻፈም፤ በእኔም ግጥም ውስጥ አንድ ስንኝ አላገኘም።

«የት ይሄዳሉ?» ብለውኝ ነበር ባለሱቁ። ሄዱ። አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በደቡብ፣ ዕጣና ምደባ እንዳወጣው በከተማዪቱ ዳርቻ ተበተኑ። ባለሱቁም ሄዱ። ደብተሩ ውስጥ ያለው ሒሳብ ማን ከማን እንደሚሰበሰብ እንጃ።

ከወራት በኋላ አራታችን እንደገና ተቀጣጠርን፤ አሁን ግን ልናይ የሄድነው የጓደኛችን እናት የገቡበትን አዲስ ሰፈር ነው። ካሜራ አልያዝንም። ሁለት ታክሲ ተሳፍረን፣ ሕንጻዎቹ እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ሁለት ጊዜ ተሳስተን፣ አራተኛ ፎቅ ደረስን። እናቱ በደስታ ተቀበሉን። የቤታቸውን መጸዳጃ ክፍል ከፍተው አሳዩን፤ ቧንቧውን ከፍተው ውኃውን አሳዩን። «በዚህስ እግዜር ይመስገን፤ ጭስ የለ፣ ወረፋ የለ» አሉ። ይህን መመስከር አለብኝ፤ ሴትዮዋ የድሮው ቤት ይመለስልኝ አላሉም።

ቡናው ግን አንድ ሲኒ ቀርቶት ይቀርብ ነበር። ለጎረቤት የሚቀዳው ሲኒ። «በሩን አንኳኩቼ ልጥራ እላለሁ፤ ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ እነሱም አያውቁኝም» አሉን። ወርሃዊ የዕድር መዋጮዬን ለማን ልክፈል ብለው ጠየቁን፤ መልስ አልነበረንም። ከሕንጻው ሥር ያለው ሱቅ መስኮት ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይምጡ»። እናቱ ወረቀቱን እያስታወሱ ሳቁ፤ «በማግሥቱ ብሄድም ያው ‹ነገ› ይላል» አሉ።

«ታዲያ ከተማ አይደግ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ይደግ፤ የሚያፈሰው ጣራ ይውረድ፤ ድሀም ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ይኑረው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በየተራራው ሲሰፍሩ ተከታዮቻቸው አብረዋቸው ሰፈሩ፤ ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ከዚያ መስፈር የመጣ ነው። የሰፈረ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በድሮው ዘመን ሰፈር ሲነሣ ጓዙን፣ ጎረቤቱን፣ አለቃውንና ምንዝሩን ይዞ ነበር። የእኛ ዘመን ሰውን እንደ ባቄላ በትኖ መዝራቱ ነው ጥፋቱ። አንድን ግቢ በአንድ ሕንጻ፣ አንድን ዕድር በአንድ ሥፍራ ማስፈር ተጨማሪ ሲሚንቶ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከማፍረስ በፊት ማን የማን ጎረቤት እንደሆነ ጠይቆ መመዝገብ ነው። ዕጣው በቤተሰብ ከሚወጣ በግቢ ቢወጣ ምን ይከብዳል?

ለእኛ ለጸሐፊዎቹም የምለው አለኝ። በአገሬ በደብረ ኤልያስ፣ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በተማሩበት ደብር፣ የቅኔ ተማሪ ሰፈርን የሚያውቀው በሌላ መንገድ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የየትኛው ቤት ውሻ እንደሚናከስ፣ የየትኛዋ እናት እጅ እንደሚፈታ፣ በየትኛው ቤት ዘንድሮ እህል እንደሌለ ያውቃል። የሚበላው ከመንደሩ ነውና ስለ መንደሩ መዋሸት አይችልም። እኛ ግን ምንም ሳንቀበል፣ ምንም ሳንሰጥ፣ ፎቶ አንሥተን ተመለስን፤ ከዚያም ቅኔ ተቀኘን አልን። ሰሙ አማረ፤ ወርቁ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ያን ግጥም ሰርዤዋለሁ። ማንም እንዲያነበው አልፈልግም። ገና ያልፈረሱ ሰፈሮች በከተማዪቱ አሉ። እነሱን ለማልቀስ መፍረሳቸውን አንጠብቅ። እንሂድ፤ እንቀመጥ፤ የዕድሩን ዳኛ እንጠይቅ፤ ማን በማን ደብተር ላይ እንዳለ እንስማ፤ የሚጎድላቸውን ከራሳቸው አፍ እንጻፍ። ሊፈርስ ሲመጣ ያኔ የምንለው ነገር ይኖረናል፤ ከለቅሶ የሚሻል።

በመጪው እሑድ አራታችን ጎጃም በረንዳ ነን። ስሙ ያገሬ ስም ሆኖ ሳለ አንድም ቀን ውዬበት አላውቅም። የሚመጣ ይምጣ፤ ካሜራውን ግን ቤቱ ትቶ።

ቸር ያሰማን።