ስለ እርምጃ ቈጣሪው የእጅ ሰዓትና ስለ ነጋዴው መታመን

በማለዳ ወደ እንጦጦ ዳገት የሚወጣውን ሕዝብ ያስተዋለ ሰው፥ በብዙዎቹ እጅ ላይ አንድ ዓይነት ዕቃ ታስሮ ሳያይ አይቀርም። ይኸውም እርምጃን፥ የልብ ምትንና የተቃጠለውን ካሎሪ ይቈጥራል የሚባለው ሰዓት ነው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ. ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ መራመድና መሮጥ የሯጮች ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ልማድ እየሆነ ስለ መጣ፥ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ያለው ባለ ሱቅ ስለዚህ ዕቃ ቢጠየቅ አያስደንቅም።

የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ. ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ዋጋው ከብዷል። ስለዚህ ገዢው ርካሹን ቢፈልግ አያስወቅሰውም። ነገር ግን ርካሹን ከከንቱው ለይቶ ማስረዳት የሻጩ ፈንታ ነው።

ሰዓቱ የእጅን መወዛወዝ በሚያውቅ ረቂቅ መሣሪያ እርምጃን ይቈጥራል፤ አረንጓዴ ብርሃን በቈዳ ላይ አብርቶ በደም ዝውውር የልብን ምት ይለካል። ካሎሪን ግን አይለካም፤ ከእነዚህና ከባለቤቱ ዕድሜና ክብደት ተነሥቶ በግምት ያሰላዋል። በ2017 እ. ኤ. አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታወቁ ሰባት መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ሲፈትኑ፥ ስድስቱ የልብን ምት ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ለክተዋል። በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ፥ የባሰው 93 በመቶ ስተዋል። በእንጦጦማ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ልብ ለዚያው ሥራ አብዝቶ ይመታል፤ የሰዓቱም ግምት ሊበዛ ይችላል። እንግዲህ ስለ ካሎሪ ቍጥር ብሎ ብዙ ብር የሚጨምር ሰው የሚገዛው ግምትን ነው።

በቀን 10,000 እርምጃ የሚባለውም ቢሆን ምንጩ ንግድ ነው። አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ. ም. በቶኪዮ ካሸነፈ በኋላ፥ በ1965 እ. ኤ. አ. ያማሳ የተባለ የጃፓን ኩባንያ «የዐሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» የሚል ስም ያለው ዕቃ ለገበያ አቀረበ። በ2019 እ. ኤ. አ. በአሜሪካ በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ግን በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚራመዱት 2,700 ከሚራመዱት ይልቅ ሞታቸው ያነሰ መሆኑን፥ ጥቅሙም በ7,500 ገደማ ላይ መቆሙን አሳይቷል። ለዚህ ርካሹ ቈጣሪ ይበቃል፤ ብዙ ስልኮችም ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ ይቈጥራሉ።

ደግ ባለ ሱቅ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ሰዓቱን አስሮ 200 እርምጃ እየቈጠረ እንዲራመድ፥ የልቡንም ምት በጣቱ ለአንድ ደቂቃ ቈጥሮ እንዲያመሳክር ይፈቅዳል። ማሰሪያውና ቻርጀሩ ለብቻቸው መገኘታቸውን፥ መተግበሪያውም በገዢው ስልክ መሥራቱን ያሳያል፤ የዋስትናውንም ጊዜ በደረሰኝ ላይ ይጽፋል።

አንዳንድ ነጋዴ «እውነቱን ከተናገርሁ ገዢው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል» ይል ይሆናል። አንድ ቀን ይሄድ ይሆናል፤ ነገር ግን በሐሰተኛ ቍጥር ተማምኖ አብዝቶ ሲበላ የከረመ ሰው ክብደቱ ባልቀነሰ ጊዜ የሚያማው ፋብሪካውን ሳይሆን የሸጠለትን ነው።

ከዚህ የሚከፋው ሳይወጋ የደም ስኳርን ይለካል ተብሎ የሚሸጠው ሰዓት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2024 እ. ኤ. አ. እንዲህ ላለው ሰዓትም ሆነ ቀለበት አንዳችም ፈቃድ እንዳልሰጠ አስታውቆ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። በሐሰተኛ ቍጥር ኢንሱሊኑን የሚመጥን ሕመምተኛ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላልና፥ አስመጪ የሆነ ሁሉ ይህን ዕቃ በምንም ዋጋ ማዘዝ አይገባውም። በ2006 ዓ. ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ሕግ ባይኖርም እንኳ ኅሊና ይህንኑ ያዝዛል።

የአንድ ሰዓት ትርፍ ጥቂት ነው፤ ባትሪውም ያልቃል። ስም ግን ከመቃብር በላይ ይውላል።