ጎተራ አይፈጭም

«ስንት ጂቢ ነው?» አዲስ አበባ ውስጥ ለጌም የሚሆን ግራፊክስ ካርድ ሊገዛ የወጣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከዋጋው በፊት ይጠይቃል። ሻጩም ገበያውን ያውቃልና ማስታወቂያው ላይ «ባለ 4 ጂቢ ግራፊክስ» ብሎ በትልቁ ይጽፍና የካርዱን ስም ይተወዋል። ባለ 4ቱ ከባለ 2ቱ ይወደዳል፣ ባለ 8ቱ ከባለ 4ቱ። ሥጋ እንኳ በኪሎ ሲሸጥ ሽንጡ ከጎድኑ ይለያል፤ ግራፊክስ ካርድ ግን ሁሉም አንድ ብልት እንደሆነ ተቆጥሮ በሚዛን ብቻ ይገዛል። ይህ ሚዛን ያሳስታል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ደግሞ ገንዘብ ያጠረውን ገዢ ነው።

ጂቢው የሚለካው ጎተራውን ነው። ጌሙ የሚያሳያቸው ግድግዳዎች፣ ፊቶችና ሣር ሁሉ ካርዱ ላይ ባለው ሜሞሪ ውስጥ ይከማቻሉ። ወፍጮው ግን ቺፑ ነው፤ ከጎተራ ወደ ወፍጮ እህሉ የሚጋዝበት መንገድ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው። በፈረንጆቹ 2014 የወጡ ሁለት የኤንቪዲያ ካርዶችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ጂቲ 730 ባለ 4 ጂቢ ሆኖ የተሸጠበት ጊዜ አለ፤ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ በብዛት የተሸጠው በ2 ጂቢ ነው። «ስንት ጂቢ?» ላለ ሰው የመጀመሪያው እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን ባለ 64 ቢት መንገድና ዲዲአር3 ሜሞሪ ያለው ጂቲ 730 በሰከንድ የሚያጓጉዘው 14.4 ጊጋባይት ሲሆን 750 ቲአይ 86.4 ያጓጉዛል፤ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ወፍጮውም ቢሆን በኮር፣ ማለትም በስሌት ክፍሎቹ ብዛት፣ 384 ለ640 ነው። 730ው 4 ጂቢውን ሞልቶ መጠቀም ከሚያስፈልገው ጌም ጋር ሲገናኝ ምስሉ እየተቆራረጠ ስላይድ ይመስላል። ከዚህ የባሰው የጂቲ 1030 ጉዳይ ነው። በ2017 ሲወጣ ሜሞሪው ጂዲዲአር5 ሆኖ በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያጓጉዝ ነበር። በማግስቱ ዓመት በዚያው ስም፣ በዚያው 2 ጂቢ፣ ሜሞሪው ዲዲአር4 የሆነ ሌላ መጣ፤ መንገዱ ወደ 16.8 ወረደ። ስሙም ጂቢውም አንድ ነው፤ ካርዱ ግን ሌላ።

ሚዛኑ የሚዋሸው በዋናነት ርካሽ ካርዶች ላይ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ውድ ካርድ ላይ አምራቹ ሜሞሪውን ከቺፑ አቅም ጋር ያመጣጥናል፤ ገዢውም አንብቦ፣ አወዳድሮ የሚመጣ ነው። ርካሹ ካርድ ላይ ግን አዝጋሚና ርካሽ ሜሞሪ ጨምሮ ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማሳደግ ቺፑን ከማሻሻል እጅግ ይቀላል፣ ምክንያቱም ገዢው የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው። ጥያቄያችን ራሱ ምርቱን ቀርጾታል። መካከለኛው ደረጃ ላይም ቢሆን ጂቢ ደረጃ አያወጣም፤ ባለ 8 ጂቢው አርቲኤክስ 3060 ቲአይ ባለ 12 ጂቢውን 3060 በአብዛኛው ጌም ይቀድመዋል፣ 4864 ኮር ለ3584 ነውና። በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1060 ደግሞ ባለ 3 እና ባለ 6 ጂቢ ተብሎ ሲሸጥ ልዩነቱ የሜሞሪ ብቻ ይመስል ነበር። ባለ 3ቱ ቺፕ ውስጥ ግን ኮሮቹም ከ1280 ወደ 1152 ተቀንሰዋል።

ቁጥሩ ራሱም በቀላሉ የሚያብጥ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ የዲስፕሌይ አዳፕተሩ መስኮት ሲከፈት ከላይ የሚታየው ጠቅላላ የግራፊክስ ሜሞሪ የካርዱ የራሱ ብቻ አይደለም፤ ከኮምፒውተሩ ራም ላይ ሲቸግር ሊበደር የሚችለው ተደምሮበት ነው። 8 ጂቢ ራም ያለው ማሽን ላይ የተሰካ ባለ 2 ጂቢ ካርድ እዚያ መስመር ላይ 6 ገደማ ሆኖ ይታያል። ዝቅ ብሎ ያለው መስመር የካርዱን እውነተኛ 2 ጂቢ ይናገራል፤ ገዢው ግን የሻጩ ጣት ያረፈበትን ቁጥር አይቶ ይከፍላል። ሻጩ ዋሸ ለማለትም ያስቸግራል፣ የተጠየቀውን ነው ያሳየው። ይህም ሳይበቃ ያረጀ ቺፕ ባዮሱ (ውስጠ ሶፍትዌሩ) ተቀይሮ «1050 ቲአይ 4 ጂቢ» ነኝ እንዲል የተደረገ ካርድ ዓለም ላይ ሲዞር ኖሯል። ጂፒዩ-ዚ የተባለችው ትንሽ ነፃ ፕሮግራም እንዲህ ያሉትን ብዙዎቹን ሐሰተኛ ብላ ታጋልጣለች።

ጂቢ ከንቱ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ግን ይታወቅ። በ2025 የወጣው አርቲኤክስ 5060 ቲአይ በአንድ ቺፕ ባለ 8 እና ባለ 16 ጂቢ ሆኖ ሲቀርብ፣ ከባድ ጌም በከፍተኛ ጥራት ሲከፈት ባለ 8ቱ የሚንገዳገድበትን ባለ 16ቱ ያለ ችግር ያልፈዋል። ይህ የሚሟገቱኝ ሰዎች ጠንካራው ማስረጃ ነው፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ንጽጽሩ የሠራው ቺፑ አንድ ስለሆነ ነው። ሜሞሪ ደጃፍ እንጂ መሰላል አይደለም፦ ካነሰ ጌሙ ይወድቃል፣ ከበቃ በኋላ የሚጨመረው ባዶ ጎተራ ነው። ደጃፉን ማለፍም ብቻውን አያስገባም። በታኅሣሥ 2024 የወጣው «ኢንዲያና ጆንስ» ጌም ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ የማስላት ዘዴ) የሚችል ቺፕ ስለሚጠይቅ ዝቅተኛ መስፈርቱ ባለ 8 ጂቢው አርቲኤክስ 2060 ሱፐር ነው። የ2017ቱ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ 11 ጂቢውን ይዞ ከመስፈርቱ ውጭ ቀርቷል።

በጂቢ መግዛት የሚያስረሳው ትልቁ ነገር ካርዱ የሚገባበት ቤት ነው። እዚህ ብዙው ሰው ካርድ የሚጨምረው ከውጭ በገባ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020ን እንውሰድ፤ ረጅሙ ሣጥን ፓወር ሳፕላዩ 290 ዋት፣ አጭሩ 255 ዋት ነው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድም የለውም። አሁንም በርካሽ የሚገኘው ያገለገለ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጂቢ ብቻውን 185 ዋት ይፈልጋል፣ ገመዱም የግድ ነው። ስለዚህ 8 ጂቢ ተብሎ የተገዛው ካርድ ፓወር ሳፕላይ ያስገዛል፤ የዴሉ ማዘርቦርድ የኃይል መሰኪያ ደግሞ ከተራው ስለሚለይ መቀየሪያ ገመድም ያስፈልጋል። ለዚህ ሣጥን ጂቲኤክስ 1650 ወይም ባለ 6 ጂቢው አርቲኤክስ 3050 ይሻላል፤ የመጀመሪያው 75፣ ሁለተኛው 70 ዋት ነው፣ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ራሱ ይጠጣሉ። (አንዳንድ የ1650 ሞዴል ገመድ ይጠይቃልና ጎኑን አይቶ መግዛት ነው፤ ለአጭሩ ሣጥን ደግሞ ቁመቱ አጠር ያለው ዓይነት ብቻ ይገባል።) ስህተቱም ዛሬ ውድ ነው፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ከዚያ ወዲህ የተሳሳተ ካርድ መግዛት የወራት ቁጠባ መጣል ነው።

«ተራው ገዢ ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል? ጂቢ ቢያንስ ቀላል ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ይህን ሁሉ ማወቅ አይጠበቅበትም። የካርዱ ሙሉ ስም እስከ መጨረሻዋ ጭራ ድረስ፣ የሜሞሪው ዓይነትና የሚጠጣው ዋት ሦስት ቃል ነው፤ ከ«ስንት ጂቢ ነው?» ብዙ አይረዝምም። ሙሉ ስሙን የያዘ ሰው ያው ካርድ የሚፈልገውን ጌም ሲያጫውት የሚያሳይ ቪዲዮ በደቂቃ ውስጥ ያገኛል። ጂቢ ብቻ የያዘ ሰው ግን የሚፈልገው ነገር የለውም፤ «ባለ 4 ጂቢ» የሚባል ካርድ የለማ። ሻጩ ስሙን ካላወቀው ካርዱን ገልብጦ ከጀርባው የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ ነው። ወረቀቱ ከተላጠ ማሽን ላይ ተሰክቶ ጂፒዩ-ዚ ይከፈት፣ የሜሞሪው ዓይነትና የመንገዱ ስፋት ተጽፎ ይታያል። ይህን የማይፈቅድ ሱቅ ቅር አይለውም፤ ጂቢውን ብቻ ጠይቆ የሚከፍል ሌላ ደንበኛ ከበሩ ላይ ቆሟል።