ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ክዳኑ ይከፈት

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ዓመት ገንዘብ ተበድሮ ያገለገለች አውቶማቲክ መኪና ገዛ። ዕዳው ሳያልቅ መኪናዪቱ ታመመች። ሞተሩ ሲነሣ ከሥር ብረት በብረት የሚመታ ዓይነት ድምፅ ይሰማል፤ ማርሽ ሲገባ ድምፁ ይለወጣል። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ጥቂት አዳመጠና «ቢየላው ነው፤ ሞተሩ ይውረድ» ሲል ፈረደ። ሁለታችንም ዲግሪያችንን ይዘን ዝም አልን።

የብዙ ወር ደመወዝ ወጣና ሞተሩ ተፈታ። ቢየላው ግን ደኅና ሆኖ ተገኘ። የተሰነጠቀው ከሞተሩ በስተኋላ ያለው፣ ፍሌክስ ፕሌት የሚሉት ቀጭን የብረት ሳህን ነበር።

ይህ ሳህን በአውቶማቲክ መኪና የቮላኖን ቦታ የሚይዝ ነው። በፍሪሲዮን የሚሠራው መኪና ቮላኖ ከባድ ነው፤ በአውቶማቲኩ ግን ክብደቱን ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው ዘይት የተሞላ ዕቃ ስለሚይዝ ሳህኑ ስስ ይሆናል። ቶርክ ኮንቨርተሩም ሲሞቅና ግፊት ሲያድርበት በመጠኑ ስለሚነፋ፣ ሳህኑ ከርሱ ጋር እጥፍ ዘርጋ ማለት አለበት። ሞተሪኖው የሚነክሰው ጥርስም በዙሪያው ያለው ነው። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሳህኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር በሚያስሩት ቡሎኖች ቀዳዳ አጠገብ ሲሆን፣ ድምፁ ከቢየላ ድምፅ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። እንግዲህ መካኒኩ መሳሳቱ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ሳያይ መፍረዱ ነው። በብዙ መኪናዎች ከካምቢዮው ራስ ሥር ትንሽ ክዳን አለ። ባትሪው ተፈትቶ፣ ክዳኑ ተነሥቶ፣ ሞተሩ በቁልፍ ቀስ እያለ ሲዞር በመብራት ማየት ይቻላል። ስንጥቁ ከቡሎን ራስ ሥር ተደብቆ ላይታይ ይችል ይሆናል፤ ቢሆንም ሞተር ከማውረድ ይህ ይቀድማል።

ቀጥሎ ደግሞ «ይበየድ» የሚል ምክር መጣ። ብየዳ ሳህኑን ያጣምመዋል፤ የተጣመመም ሲሽከረከር ሚዛኑን ያጣል። ደግነቱ ይህን እንኳ እምቢ አልንና አዲስ ተገዛ። አዲሱ ሊገባ ሲል ሞተሩንና ካምቢዮውን አስተካክለው የሚይዙት ሁለት ፒኖች አንዱ እንደሌለ ታየ። ቀድሞ ካምቢዮውን ያወረደ ሰው ሳይመልሰው ቀርቷል። ያለዚያ ፒን ሁለቱ በትክክል ስለማይገጥሙ ሳህኑ በዞረ ቁጥር ይጣመማል፤ አዲሱም ቢሆን ውሎ አድሮ መሰንጠቁ አይቀርም ነበር።

እኛ ወጣት ሠራተኞች ፋይል ሳያነብ የሚፈርም ሹም ስናይ ሻይ ቤት ተቀምጠን እናወግዛለን። በጋራዥ በር ግን አለማወቃችን እንዳይገለጥ ስንል «እስቲ አሳየኝ» ማለት እናፍራለን። በበኩሌ ያን ቀን የፈራሁት መካኒኩ እንዳይስቅብኝ ነበር።

መኪናዪቱ ከተሠራች በኋላ ያን ክዳን ለምን አስቀድሞ እንዳልከፈተ ጠየቅሁት።

«ክፈት ብትሉኝ ኖሮ እከፍተው ነበር» አለኝ።