ለሙዳየ ምጽዋት ታዛቢ አለን፤ ለሕፃናትስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የካህኑ የዔሊ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ልጅን አለመቅጣት የሚያስከትለውን ጉዳት ለማስተማር ነው። ታሪኩ ግን ስለ ቤተ እግዚአብሔር አስተዳደርም ይናገራል። የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ካህናት ሆነው ሳለ የሕዝቡን መሥዋዕት ይቀሙ፣ በደብተራ ኦሪት ደጃፍ የሚያገለግሉትን ሴቶችም ያስነውሩ ነበር። ዔሊ ይህን ሰምቷል፤ ወቅሷቸዋልም (1ኛ ሳሙ. 2፥22-25)። ያላደረገው አንድ ነገር ነው፤ ከአገልግሎት አላገዳቸውም። ተከሳሾቹ ልጆች፣ ዳኛው አባት ነበርና። ስለዚህ የእግዚአብሔር ፍርድ የተነገረው የዔሊ ዘመድ ባልሆነ ብላቴና፣ በሳሙኤል አንደበት ነው።

በእኛ ዘመን ይህን የመሰለ ታሪክ በእንግሊዝ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። በሃይማኖት ከእኛ የተለየች ናት፤ የምናነሣትም ለመማር እንጂ ለመንቀፍ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመንግሥት የተቋቋመ ገለልተኛ የምርመራ ጉባኤ በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1940ዎቹ እስከ 2018 ድረስ 390 የዚህች ቤተ ክርስቲያን ካህናትና በኃላፊነት የተቀመጡ ሰዎች በሕፃናት ላይ በፈጸሙት ወሲባዊ ወንጀል በፍርድ ቤት ጥፋተኛ መባላቸውን ገልጧል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የጆን ስማይዝ ጉዳይ ነው። ይህ የሕግ ባለሙያና የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በክርስቲያን ወጣቶች ካምፕ የሚያገኛቸውን ልጆች በጭካኔ ይገርፍ ነበር። ድርጊቱ በ1982 በምስጢር ተመርምሮ ተጻፈ፤ ጽሑፉ ግን በጥቂት ሰዎች እጅ ቀረ። ስማይዝም ወደ ዚምባቡዌ ተሻግሮ በዚያ ሌላ ካምፕ መሠረተ። በኖቬምበር 2024 የወጣው የኪት ማኪን ዘገባ የተጎዱት በብሪታንያና በአፍሪካ ከ100 እንደሚበልጡ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ ከፍተኛ ኃላፊዎችም ከ2013 ጀምሮ እያወቁ ጉዳዩን በአግባቡ ለፖሊስ እንዳላቀረቡ አስረዳ። ተከሳሹ በ2018 ለፍርድ ሳይቀርብ ሞቷል። ዘገባው በወጣ በቀናት ውስጥ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ መንበራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ።

ታዲያ ተቆጣጣሪ አልነበረምን? ነበረ። በ2021 የሊቃነ ጳጳሳቱ ምክር ቤት ነጻ የጥበቃ ቦርድ አቋቁሞ ነበር። አለመግባባት በተነሣ ጊዜ ግን ቦርዱን በ2023 ያፈረሰው ያው ምክር ቤት ነው። ስሙ ነጻ ነበረ፤ ሕልውናው ግን በተመርማሪው እጅ ነበር። ፕሮፌሰር አሌክሲስ ጄይ በ2024 መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ውጭ የሆኑ ሁለት ድርጅቶች እንዲቋቋሙ መከሩ፤ አንዱ የጥበቃውን ሥራ የሚሠራ፣ ሌላው ያንን ሥራ የሚመረምር። ጠቅላላ ሲኖዶሱ በፌብሩዋሪ 2025 በውጭ ምርመራው ተስማማ፤ የየሀገረ ስብከቱን የጥበቃ ሠራተኞች ወደ ውጭ አካል ማዛወሩን ግን ለተጨማሪ ጥናት አቆየው።

ከዚህ የምንረዳው ግልጽ ነው። ተመርማሪው የሚሾመው፣ ደመወዙን የሚከፍለውና ባሰኘው ቀን የሚያሰናብተው ሰው መርማሪ ሊባል አይችልም።

«ይህ የዓለም አሠራር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በመንፈስ ቅዱስ ትመራለች» የሚል አይጠፋም። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። ከእርሱ ጋር የሚሄደውን ወንድም የመረጡት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ምክንያቱንም ሲገልጥ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይኖርበት መሆኑን ይናገራል (2ኛ ቆሮ. 8፥18-21)። ሐዋርያው የመንፈስ ቅዱስ ምሪት ስላለው ታዛቢ አያስፈልገኝም አላለም። እኛም ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት አንድ ሰው ብቻውን እንዲቆጥር አንፈቅድም፤ ቆጣሪውን ስለጠረጠርን ሳይሆን ሥርዓት ስለሆነ ነው። ለሳንቲም ያደረግነውን ጥንቃቄ በክርስቶስ ደም ለተገዛ ሕፃን ብንነፍገው ምን መልስ ይኖረናል?

«በሐሰት የሚከሰስ አባት ቢኖርስ?» የሚለው ሥጋት ግን እውነተኛ ነው። መልሱ በመጽሐፈ ሶስና ይገኛል። ሁለቱ ረበናት ዳኞችም ከሳሾችም ነበሩ፤ ሕዝቡም ሽምግልናቸውንና ሹመታቸውን አይቶ አመናቸው። ንጽሕቲቱን ሶስናን ከሞት ያዳናት የዳንኤል ምርመራ ነው። ሁለቱን ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ ቃላቸውም ተለያየ። ገለልተኛ ምርመራ የተበደለውን ብቻ ሳይሆን ያለ በደሉ የተከሰሰውንም ካህን ይታደጋል። በወዳጆቹ ነጻ የተባለ ሰው ግን ንጹሕ ቢሆን እንኳ ከሐሜት አይድንም።

ሌላው መሰናክል ንስሓን ከሹመት ጋር ማደባለቅ ነው። ንስሓ የገባ ኃጢአተኛ መንግሥተ ሰማያት ይገባል፤ ይህ ግን ሕፃናትን የማስተማር ኃላፊነት ይመለስለት ማለት አይደለም። በሽምግልና ማስታረቅም በተጣሉ ጎረቤታሞች መካከል በረከት ነው፤ በበዳይ ጎልማሳና በተደፈረ ሕፃን መካከል ግን ወንጀልን መሸፈን ይሆናል።

በእንግሊዝና በዌልስ ያሉ የበጎ አድራጎት ተቋማት ኃላፊዎች፣ የአብያተ ክርስቲያናትንም ጨምሮ፣ ወደ እነርሱ የሚመጡትን ሰዎች ከጥቃት የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። በዚያ ያሉት አጥቢያዎቻችን ይህን ለመዝገብ ማሟያ ብቻ እንዳያደርጉት አደራ እንላለን። በሀገር ቤት ያለንም ሕግ እስኪያስገድደን መጠበቅ የለብንም። በሰንበት ትምህርት ቤታችን አንዲት ሕፃን መምህሯን ብትከስ ለሰብሳቢው ትነግራለች፤ ሰብሳቢውን ብትከስ ለሰበካ ጉባኤው፤ አስተዳዳሪውን ብትከስስ ለማን ትነግራለች? የአቤቱታው መንገድ በአጥቢያው ቅጽር ውስጥ ማለቅ የለበትም።

ስለዚህ የአጥቢያው ኃላፊዎች የማይሾሟቸውና የማይሽሯቸው፣ ሴቶች የሚገኙባቸው፣ የሕግና የሕክምና ዕውቀት ያላቸው ምእመናን ከሌላ አጥቢያ ይመረጡ፤ ስማቸውና ስልካቸው በበሩ ላይ ይለጠፍ። ወንጀል የሚመስል ነገር ሲሰማ የውስጥ ጉባኤ ሳይጠበቅ በዕለቱ ለፖሊስ ይነገር። ስንት አቤቱታ እንደቀረበና ምን እንደተወሰነም የማንም ስም ሳይጠቀስ በየዓመቱ ለምእመናን ይገለጥ።

ጌታችን ከታናናሾቹ አንዱን ለሚያሰናክል ሰው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ በባሕር መስጠም እንደሚሻለው አስተምሯል (ማቴ. 18፥6)። ያን ቃል ሲናገር በመካከላቸው ያቆመው ሕፃን ነበር። እኛም ስለ ቤተ ክርስቲያን ክብር በምንመክርበት ጉባኤ ሁሉ ያ ሕፃን በመካከላችን መቆሙን አንዘንጋ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።