ታይፎይዱ ለምን አልለቀቀኝም?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ አሳዘነኝ። ጸሐፊዋ የ22 ዓመት ወጣት ነች። አምና ለፋሲካ አያቷን ልትጠይቅ ዋግ ኽምራ፣ ጋዝጊብላ ሄዳ በምንጭ ውሃና በጠላ ስትስተናገድ ሰነበተች። አዲስ አበባ በተመለሰች በ2ኛው ሳምንት ትኩሳት አልጋ ላይ ጣላት። «ታይፎይድ ነው» ተባለች፤ መድኃኒቱን ጨርሳ ዳነች። ከዚያ ወዲህ ግን ራሷን ባመማት ቁጥር ትመረመራለች፤ ውጤቱ ያው ነው። በዓመት 4 ጊዜ መድኃኒት ወሰደች። ይባስ ብሎ እጮኛዋ ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ተወ። «በሽታው ደሜ ውስጥ ቀርቷል ወይ?» ትለኛለች።

እህቴ፣ ያደረግሽው ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ በ1896 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም ስም የተጠራ ነው። ዊዳል ባክቴሪያውን አያይም። የሚያየው ሰውነትሽ እሱን ለመዋጋት የሠራውን መከላከያ ነው። ወረቀትሽ ላይ «ኦ» እና «ኤች» የሚል አለ አይደል? «ኦ» የባክቴሪያው ገላ ነው፤ «ኤች» ደግሞ የሚዋኝበት ጅራፍ መሰል ጭራው፣ ፍላጀላ የሚሉት። ሌባው ከሄደ በኋላም ውሻው ሲጮህ እንደሚያድር፣ የጭራው መከላከያ ከዳንሽ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ሌላ ትኩሳትም ሊቀሰቅሰው ይችላል። እኔም ያንን ወረቀት ኪሴ ይዤ የዞርኩበት ጊዜ ነበርና አልፈርድብሽም።

ባክቴሪያው ደግሞ ተንኮለኛ ነው። በጭራው እየዋኘ አንጀት ግድግዳ ጋ ይደርሳል። የሰውነት ዘበኞች ግን ጭራውን ካዩ ይነቁበታል። ስለዚህ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ጭራ መሥራቱን ይቀንስና «ቪአይ» የሚባል ካባ ይደርባል። ድምፁን አጥፍቶ የሚሰራጨው፣ አንቺም ሳምንት ሁለት ሳምንት ደህና ነኝ ብለሽ የምትከርሚው አንድም በዚህ ነው።

እንግዲህ ትኩሳት ሲይዝሽ መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት የደም ካልቸር ይሠራልኝ በይ። ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ የሚያሳየው እሱ ነው። በየሰፈሩ አይገኝም፤ ትልልቅ ሆስፒታል ጠይቂ። ወባም አለ፣ በቅማል የሚመጣው ግርሻም አለ፤ ዊዳል ላይ ብቻ ዓይንሽን ስትተክይ እነሱ ያመልጡሻል። በከንቱ የተዋጠ አንቲባዮቲክም ባክቴሪያን ያለማምዳል።

የእጮኛሽን ፍርሃት ሙሉ በሙሉ አልኮንነውም። ከዳኑት ጥቂቶቹ ባክቴሪያውን ሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ሳይታመሙ ይሸከሙታል፤ በዓይነ ምድርም ያወጡታል። ይህን የሚለየው ተደጋግሞ የሚሠራ የዓይነ ምድር ካልቸር እንጂ ዊዳል አይደለም። ተያይዛችሁ ሂዱ። እስከዚያው ሁለታችሁም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጉርሻው ለጊዜው ይቆይ። አያትሽን መጠየቅ ግን አትተዪ፤ ውሃውን አፍልተሽ ጠጪ።