የቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝኛ የጌቶች ብቻ አልነበረም

የዛሬን እንግሊዝኛ ተቀብለው በቪክቶሪያ ዘመን አነጋገር የሚመልሱ መተግበሪያዎች በዝተዋል። "አረፍዳለሁ" ብሎ ለጻፈላቸው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ የሚነሳ ጌታ የሚናገረው የሚመስል ረጅም ይቅርታ ይመልሱለታል። ለጨዋታ ከሆነ ያስቃል። ችግሩ ተማሪው፣ ተርጓሚው፣ የታሪክ ልብ ወለድ ጸሐፊው "ያኔ እንዲህ ነበር የሚወራው" ብሎ ሲያምን ነው።

አንዳንዶቹ ዘመኑንም ይስታሉ። እንደኛ "አንተ" ያለ "ዛው" የሚባል ጥንታዊ ቃል እየሰነቀሩ "ቪክቶሪያዊ" ይሉታል። ንግሥቲቱ በ1837 እ.ኤ.አ. ዙፋን ላይ ስትወጣ ግን ይህ ቃል ከለንደን የዕለት ንግግር ከጠፋ ቆይቷል። የቀረው በጸሎት፣ በግጥምና በሰሜን እንግሊዝ አንዳንድ አካባቢዎች ነበር።

ከዚህ የሚብሰው ግን የመንገዱ ሰው መቅረቱ ነው። ጋዜጠኛው ሄንሪ ሜይሂው በዘመኑ የለንደንን ድሆች እየዞረ አነጋግሯል። ዓሣና አትክልት በጋሪ የሚያዞሩት ነጋዴዎች ፖሊስና ሌላው ሰሚ እንዳይገባው ቃላትን ከኋላ ወደ ፊት ይናገሩ እንደነበር ጽፏል። ፔኒ "የኔፕ" ይባላል። ልጅ ማለት የሆነው "ቦይ" ተገልብጦ "ዮብ" ይሆናል። ይህ ዋዛ አይደለም፤ ፖሊስ ከቦታ ቦታ ለሚያባርረው ሰው ቋንቋው መከላከያው ነበር። (የኛ አራዶች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።) ቋሊማን ደግሞ "የምሥጢር ከረጢት" ይሉታል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ከሠሪው በቀር ማን ያውቃል!

"ማሽኑ የሚማረው ከተጻፈው ነው፣ የተጻፈው ደግሞ የተማረው ሰው ቋንቋ ነው" የሚል መከራከሪያ አለ። እውነትነት አለው፤ ሰበብ ግን አይሆንም። ጆን ካምደን ሆተን የመንገድ ቃላት መዝገቡን ያሳተመው በ1859 ነው። የጄምስ ሬዲንግ ዌር መዝገብ በ1909 ወጥቷል። ሁለቱም ዛሬ ለማንም ክፍት ናቸው። የጎደለው "የማን አነጋገር? የጌታው ወይስ የጋሪ ገፊው?" ብሎ የሚጠይቅ አንድ ምርጫ ነው።

"ዮብ" እስከ ዛሬ በእንግሊዝ አለ፤ ትርጉሙ ስድ ጎረምሳ ሆኗል። አሁን ባለው አሠራር መተግበሪያው ይህን ቃል "ዘመናዊ ነው" ብሎ አውጥቶ፣ ዘመኑን እንዲመስል በሌላ ጨዋ ቃል ቢተካው አይገርምም።