አሥራ ሁለት ፎጣ በአንድ ድር

የወጥ ቤታችሁን መሳቢያ ክፈቱና ፎጣዎቹን አንድ በአንድ እዩዋቸው። ስንቱ ነው በትክክል ውኃ የሚጠጣው? ብዙዎቻችን ፎጣ የምንመርጠው በቀለሙ ነው። ፖሊስተር የበዛበት ጨርቅ ደግሞ ብርጭቆውን ከማድረቅ ይልቅ ውኃውን ከወዲያ ወዲህ ያንሸራሽረዋል። ጥጥ ይጠጣል። ጥጥ የሚያውቅ ባለሙያም ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ እንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ ድረስ ወጣ ማለት ነው።

ነጠላና ጋቢ ማሠራት ሁላችንም እናውቅበታለን። ሸማኔው መጠኑን በቃሉ ስለሚያውቀው እኛ ጥለቱን መርጠን ቀብድ ሰጥተን እንመለሳለን። የወጥ ቤት ፎጣ ግን እንደዚያ አይደለም። ስፋቱን፣ ርዝመቱን፣ ብዛቱንና የክሩን ዓይነት ወስናችሁ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ፤ ድሩ ከተወጠረ በኋላ ስፋቱን መቀየር አይቻልምና።

እኔ በምሠራበት የማርኬቲንግ ሥራ ብሮሹር እናሳትማለን። መቶም ታሳተም ሺህ፣ ማተሚያ ቤቱ የሚያዘጋጀው ፕሌት ያው ነው። ሽመናም እንዲሁ ነው። ሸማኔው መወርወሪያውን ከመያዙ በፊት ክሩን ያጠነጥናል፣ በልኩ ዘርግቶ ያደራል፣ ከዚያም እያንዳንዷን ክር በየቦታዋ ያስገባል ወይም ከቀድሞው ድር ጫፍ ጋር አንድ በአንድ ይቋጥራል። ድሩ 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት በአንድ ሴንቲ ሜትር 10 ክር ቢገባበት 580 ክር ማለት ነው። ሁለት ፎጣ አዘዛችሁም አሥራ ሁለት፣ 580ው አይቀንስም።

ስለዚህ ሁለት ፎጣ ብቻ አዝዘን ዋጋውን ሱፐርማርኬት ካለው ጋር ስናስተያይ ሸማኔው ያስወደደብን ይመስለናል። ያስወደደው ግን ትእዛዛችን ነው።

እስቲ እናስላው። ታጥቦ ተቀምቅሞ 50 በ70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፎጣ ፈለጋችሁ እንበል። ለላይና ለታች ቅምቅማት 5 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፤ 75 ሆነ። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ አሥር በመቶ ብንይዝለት ተሸምኖ ሲወርድ ወደ 84 መሆን አለበት። ድሩ ደግሞ በማጉ ላይና ታች ሲመላለስ ርዝመት ይበላል፤ ለእያንዳንዱ ፎጣ 92 ሴንቲ ሜትር ያህል ድር ያዙ። ስፋቱም ስለሚሰበሰብ ነው 50 ለማግኘት ከ58 የተነሣነው። በመጨረሻም ማግ የማይደርስበት፣ ተቆርጦ የሚቀር የድር ጫፍ አለ። ለእሱ 80 ሴንቲ ሜትር ብንመድብ፣ ለሁለት ፎጣ ከሚደራው ክር 30 በመቶው ይባክናል፤ ለአሥራ ሁለት ከሚደራው ግን 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የመሰብሰቡ መጠን እንደ ክሩ ይለያያል፤ ሸማኔው የራሱን ልምድ ቢነግራችሁ የእሱን ያዙ። እንዲያውም አስቀድማችሁ «አሁን ዕቃው ላይ ያለው ድር ስፋቱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ለእናንተ የሚስማማ ከሆነ በዚያው ስፋት መቀጠል ብዙ ድካም ይቀንሳል።

አሥራ ሁለት ፎጣ ለአንድ ቤት ይበዛል። ለሦስት ቤት ግን አራት አራት ነው። እህት፣ ጎረቤት፣ የዕቁብ ጓደኛ አስተባብሩ። ድሩን ነጭ አድርጉትና ማጉን እያንዳንዱ ቤት በየምርጫው ያሠራ፤ አንዱ ቤት ሰማያዊ መስመር፣ ሌላው ቡና ዓይነት፣ ሦስተኛው ነጭ በነጭ። በድሩ ላይ የገባ ቀለም ከመጀመሪያው ፎጣ እስከ መጨረሻው ይከተላችኋል፤ የማግ ቀለም ግን በየፎጣው ሊቀየር ይችላል። ሦስት እህትማማቾች በአንድ ቀለም የሚስማሙበትን ቀን ከመጠበቅ ይህ ይቀላል።

ክሩን በተመለከተ፣ ለድር መወጠርን የሚችል ጠንካራ የፋብሪካ ጥጥ ይሻላል። ለማግ የእጅ ፈትል ለስላሳና ውኃ የሚጠጣ ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ብናኝ ስለሚተው ለብርጭቆ ማድረቂያ አልመርጠውም። የሚያብለጨልጭ ሰው ሠራሽ ክር ለቀሚስ ጥለት ያምራል፤ ፎጣ ላይ ግን ውኃ አይጠጣም፣ እጅም ይሻክራል። ቀለም የገባ ክር ከመግዛታችሁ በፊት ጥቂቱን አርጥባችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ እሹት። ከለቀቀ ተዉት።

ዋጋ ስትነጋገሩ «ስንት ትቀንስልኛለህ?» ከማለት «አሥራ ሁለት ብናደርገው የአንዱ ስንት ይመጣል?» በሉት። አሁን የቀነሰው ዋጋ እውነተኛ ነው፤ የድሩ ዝግጅት ለአሥራ ሁለት ተካፍሏል። ከዚያ በኋላ የምትጠይቁት ቅናሽ የሚነሣው ከሰውየው የቀን ሥራ፣ ፈትል ከሆነም ከፈተለችው ሴት ነው። እኔ እዚያ ጋ መከራከር አቆማለሁ። ዋጋው አሁንም ከአቅም በላይ ከሆነ አንድ ቤት ጨምሩ።

ጊዜውንም ምረጡ። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከጥምቀት በፊት ሸማኔ ፋታ የለውም። ዐቢይ ጾም እንደገባ ባሉት ሳምንታት ሠርግ ስለማይኖር፣ የፋሲካው ጥድፊያም ገና ስለሆነ፣ ረጋ ብሎ ያነጋግራችኋል። ስትሄዱ የምትወዱትን አሮጌ ፎጣና በሴንቲ ሜትር የተጻፈ ልክ ያዙ። በክንድ ከተነጋገራችሁ የማን ክንድ እንደሆነ ሊያከራክር ነው።

በእያንዳንዱ ፎጣ መካከል አንድ ቀይ የማግ ክር እንዲያሳልፍላችሁ ንገሩት፤ መቁረጫችሁ እሱ ይሆናል። ከቆረጣችሁ በኋላ ጫፉ እንዳይተረተር በመኪና አንድ ዙር ስፉት፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ሲደርቅ ቀምቅሙት። አዲስ ጥጥ ገና ውኃ አይጠጣም። ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪታጠብ ታገሡት።